ስሜን ያጠፋው ትራንዚተር

ስም ማጥፋት ሲባል ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔን ስም ያጠፋው ሰው ግን በኪቦርድ ነው ያጠፋው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አሰብ ወደብ በር አጠገብ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ታይፕ እማር ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ነበረ። ሰፈራችን የከባድ መኪና ሾፌሮች ስለማይጠፉበት፣ የጌሙን ደረጃዎች በአዲስ አበባ መንገድ ከተሞች ሰይመናቸው ነበር፤ መጀመሪያ ቡሬ፣ ከዚያ ማንዳ፣ ኤሊዳር፣ መጨረሻ ሚሌ። ሩቅ የደረሱ አሥር ስሞች ብቻ ጌሙ ላይ ይቀመጣሉ፤ አዲስ ሲገባ የመጨረሻው ይጠፋል።

አብሮን የሚማር አንድ ወጣት ትራንዚተር ነበረ፤ ጉምሩክ እየተመላለሰ የነጋዴዎችን ዕቃ የሚያስፈታ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ኤሊዳር ደርሶ አንደኛ እሱ ነበር። አንድ ቀን እኔ ሚሌ ገባሁ። ስወጣ ክፍሉ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። በማግስቱ ስመጣ ስሜ የለም፤ የእሱ ከላይ ተቀምጧል።

«ስሜን ማን አጠፋው?» አልኩ።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ደግሞ አንቺ በዚህ የሽንኩርት ጣትሽ ሚሌ ልትደርሺ? መጀመሪያ ከወጥ ቤት ውጪ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪያችንም ሳቁ። ሰው እንዳይቀየመኝ ስለምፈራ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ እንኳ የሚያቃጥለኝ ያ የራሴ ሳቅ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አሮጌው ተሸጦ አዲስ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር መጣ። ከመሸጡ በፊት በፍሎፒ የገለበጥነውን ጌም ከነስሞቹ አዲሱ ላይ ጫንነው፤ ግን አልከፈት አለ። ስክሪኑ ይጠቁርና ሜሞሪ አይበቃም ይላል።

«እንግዲህ አንደኛ እንደሆንኩ ጡረታ ወጣሁ!» አለ ትራንዚተሩ።

ቀን በሙቀቱ ሰዓት፣ አሰብ በሯን ዘግታ ስትተኛ፣ ላቤ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ ሞከርኩ። ኮምፒውተሩን ያለ ዊንዶውስ፣ በድሮው ዶስ አስነሳሁትና ሜሞሪ የሚይዙበትን ትንንሽ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አስቀረሁ። ጌሙ ተከፈተ። መኪናው ግን እንደ ጥይት ተወንጭፎ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። ጌሙ የተሠራው ለዝግተኛ ማሽን ነው፤ አዲሱ ሲያጣድፈው እጅ አይደርስበትም። ነዳጅ ማጣሪያው የሚሠሩ አንድ ቴክኒሺያን ጎረቤታችን ማሽኑን የሚያዘገይ ፕሮግራም ሰጡኝ። እሱን መጀመሪያ ሳስነሳ ጌሙ እንደ ድሮው ሆነ።

ለአስተማሪያችን ብነግራቸው እመሰገን ነበር። እኔ ግን ክፍሉ እስኪሞላ ጠበቅሁ። ማዘግየቻውን ሳላስነሳ ጌሙን ከፈትኩና ለትራንዚተሩ ወንበር ሳብኩለት።

«እስቲ ንዳ፤ አንደኛው አንተ አይደለህ?»

ተቀመጠ። ተከሰከሰ። ደገመ፤ ተከሰከሰ።

«ኧረ ሾፌር፣ ከአሰብ እንኳ ሳትወጣ!» አለ አንዱ።

«ረዳት ይቀጠርለት!» አለ ሌላው።

«ተበላሽቷል ይሄ ነገር!» ብሎ ተነሳ፤ ጆሮው ቀልቷል።

ከጌሙ ወጥቼ ማዘግየቻውን የምታስነሳ አንዲት ቃል ጻፍኩና ተመለስኩ። ቡሬን፣ ማንዳን፣ ኤሊዳርን አልፌ ሚሌ ገባሁ።

«የሆነ ነገር ጽፋለች! ምንድን ነው የጻፍሽው?» አለ ትራንዚተሩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው» አልኩት።

የዚያን ቀን ሳቅ ልቤን ቅቤ አጠጣው። ስሜ ከላይ፣ የእሱ ሁለተኛ ሆነ። አስተማሪያችን ትከሻዬን ነካ አድርገው «በይ ልጄ፣ አሁን በቃሽ» አሉኝ። ከቃላቸው ወጥቼ አላውቅም ነበር።

«ገና ነኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እንደገና ነድቼ ስሜን ጻፍኩ፤ እንደገና። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፤ ስሙ በእያንዳንዱ ዙር አንድ መስመር ይወርዳል። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ዞር ብዬ ፊቱን አየሁትና አንድ ዙር ጨመርኩ።