የዳክዬዎቹ ተራ

ኮልፌ ቀራንዮ ያለው ግቢያችን አራት ቤት ነው፤ ቧንቧው ግን አንድ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ያውም ከመጣ። የቧንቧው ቁልፍ እኔ ጋ ነው ያለው። ማንም አልሾመኝም። አንዱ አምስት ጀሪካን ሞልቶ ሲገባ ሌላው ባዶውን ይዞ ሲመለስ አይቼ አንጀቴ አረረና፣ ቁልፍ ገዝቼ ቆለፍኩት። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ጀሪካን፣ ከተረፈ እንደገና ከመጀመሪያው ቤት ይጀመራል አልኩ። ያኮረፈ አኮረፈ፤ ቆይቶ ሁሉም ለመደው። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምቀዳው። ቁልፍ የያዘ ሰው ቀድሞ ከቀዳ የቆለፈው ለራሱ ነው።

ይህን የማስቀድመው ዳክዬዎቹ ላይ ያደረግኩት ነገር ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው።

ባለቤቴ ኩሬ ባለው መናፈሻ ዘበኛ ነበር። መናፈሻው ሲዘጋ ሠራተኞቹ ወንበርና ጠረጴዛውን ተካፈሉ። እሱ ግን አራት ዳክዬ በካርቶን አድርጎ፣ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በታክሲ መጣ። ታክሲው ውስጥ ሰዉ ሁሉ እንደሳቀበት ራሱ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሁሉ ዓመት ብርድ ሲመታው የኖረ ሰው ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ይገባው ነበር።

“በእኛ ቤት ዳክዬ አይበላም” አልኩት።

“አይበላም” አለ።

“ታዲያ ምን ሊያደርግልን ነው?”

“ይታያል።”

እኔ የማውቀው ዶሮ ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ቆጥ ልሠራላቸው እንጨት ማገር ጀመርኩ። ባለቤቴ ዳክዬ ቆጥ ላይ አይወጣም፣ መሬት ላይ ነው የሚተኛው ብሎ እንጨቱን ከእጄ ወሰደ። በራሱ መንገድ ቤት ሠራላቸው። ቁመቱ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም። ጎርፍ እንዳይገባበት ወለሉን በድንጋይ ከፍ አደረገ፤ ጣሪያው አሮጌ ቆርቆሮ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ አየር እንዲገባ ሽቦ። በሩን ሰፊ አደረገው፤ ጠዋት ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ ስለሚጋፉ ጠባብ በር እግራቸውን ይሰብራል አለ። ወለሉ ላይ ከአናጢዎች የለመነውን ሰጋቱራ አነጠፈ። እርጥብ ከሆነ በየሁለት ቀኑ ይቀይረዋል። ሲመሽ ዳክዬዎቹ ተሰልፈው ይገባሉ፤ እሱ ቆሞ ይቆጥራል። አራት ናቸው፣ ምን መቁጠር ያስፈልጋል? ግን ይቆጥራል፤ ከዚያ ሸለምጥማጥ እንዳይገባባቸው በሩን በሽቦ ያስራል።

የሚዋኙበትን አሮጌ ባኞ ያገኘው ቤቴል ሰፈር ነው፤ ቤታቸውን የሚያድሱ ሰዎች ደጅ ጥለውት። በጋሪ አስጭኖ አመጣውና ጓሮው ውስጥ እስከ ከንፈሩ ቀበረው። መውጫ እንዲሆናቸው በአንድ በኩል ድንጋይ ደረደረበት። ከታች ያለውን ቀዳዳ በቱቦ ከጎመኑ መደብ ጋር አገናኘው። ውሃው ሲቆሽሽ ውታፉን ይነቅልና ጎመኑ ይጠጣል። ጭቃ እንዳይሆን ዙሪያውን ጠጠር አፈሰሰበት። ዳክዬ ጭንቅላቱን ሙሉ የሚነክርበት ውሃ ካላገኘ ዓይኑና አፍንጫው ይታመማል ብሎ ነው ይህን ሁሉ የሚደክመው።

ክረምቱ ደግ ነበር። ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ በአሸንዳ ባኞውን ይሞላል፤ ማንንም አንጠይቅም። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲቆም ነው ነገር የመጣው። ባለቤቴ ከራሳችን ሁለት ጀሪካን አንዱን ተሸክሞ ወደ ባኞው ሲሄድ የጎን ጎረቤቴ አየችው። ያኔ አራስ ነበረች፤ የሕፃኗ ጨርቅ ባልዲ ሙሉ ተከምሮ ውሃ ይጠብቃል። እንድሰማ አድርጋ፣ “የእኔ ልጅ በአደፈ ጨርቅ ትተኛ፣ የእማማ ወፎች ይዋኙ” አለች።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንደ ፍም ፈጀኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከቧንቧ አንዲት ጠብታ ባኞው ውስጥ አትገባም አልኩ። ባለቤቴ ከራሳችን ድርሻ መሆኑን ሊያስረዳኝ ሞከረ። ቁልፍ ያለበት ቤት ድርሻ በሰው ዓይን ድርሻ አይመስልም አልኩት። ጀሪካኑን ወደ ቤት መለሰው። ከእኔ ጋር መከራከር አያውቅበትም ነበር።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሁላችንም ልብስ እናጥባለን። የመጨረሻውን፣ የመለቅለቂያውን ውሃ ደጅ ከምትደፉት ባኞው ውስጥ ድፉት አልኳቸው። ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ፍርድ ማለት እንዲህ ነው ብለው መረቁኝ። ባኞው ነጣ ባለ ውሃ ሞላ። ባለቤቴ አጠገቡ ቆሞ ጣቱን ነክሮ አሸተተ።

“ሳሙና አለበት” አለ።

“ለሰው ልብስ ያልከበደ ለዳክዬ ላባ ይከብደዋል?”

ይከብደዋል። አሁን አውቀዋለሁ። ዳክዬ ላባውን በራሱ ቅባት ይቀባል፤ ውሃ የማይዘልቀው ለዚያ ነው። ሳሙና ያንን ቅባት ይገፈዋል። ባለቤቴ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ፍርድ አግኝቻለሁ ብዬ ጆሮዬን ደፍኛለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከተለቀቁ በኋላ ብወጣ ሦስቱ እንደ ጨርቅ በስብሰው ከባኞው ዳር ይንቀጠቀጣሉ። የጥቅምት ብርድ ነው። አራተኛዋ ውሃው ውስጥ ሞታለች። ባለቤቴ በካፖርቱ ጠቅልሎ አወጣት። ቢሰድበኝ እወድ ነበር። ሦስቱን ቤት አስገብቶ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጣቸውና በራሱ ጋቢ ያደርቃቸው ጀመር። ሳሙናው በንጹሕ ውሃ ካልታጠበላቸው አይተርፉም አለ። ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ነው። እኛ ቤት የቀረው ከጀሪካን ሥር ያለ ዝቃጭ ነበር።

በሩ ላይ ድም የሚል ነገር ሰማሁ። አራሷ ጎረቤቴ ናት፤ ሕፃኗን አዝላ፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን አስቀምጣለች።

“ይሄ የማን ነው?” አልኳት።

“የኔ ነው። ለእርስዎ አይደለም እማማ፣ ለእነሱ ነው። የኔም ሳሙና እዚያ ውስጥ አለ።”

ሦስቱም ተረፉ። ላባቸው እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ተኙ፤ ሽታቸውን አልነግራችሁም። ከዚያ እሷው ራሷ፣ ዳክዬዎቹ እንደ አምስተኛ ቤት ይቆጠሩና አንድ ጀሪካን ይሰጣቸው አለች። ሌሎቹም እሺ አሉ። እኔ ተራቸው ከእኔ በኋላ እንዲሆን፣ በውሃቸው የሚበቅለውን ጎመንም አራቱም ቤት እንዲቆርጥ አድርጌ ተቀበልኩ። ለብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን። ጠዋት ሲከፈትላቸው የሚያሰሙት ጫጫታና ባለቤቴ “ቀስ፣ ቀስ” የሚላቸውን እስከ ዛሬ ጠብቄ ነው የምነቃው። አሁን የሚቀሰቅሰኝ ግን ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ተሳፋሪ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ነው።

ባለቤቴን ደረቱን ሲያመው አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩለት፤ ባኞው እንዲታየው። አንድ ረቡዕ ውሃው ቀጥኖ እንደ ክር መጣ። ቁልፉን ይዤ ስወጣ ጠራኝ።

“ዛሬ የእነሱን አስቀድሚ” አለኝ። “ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ልይ።”

“ተራቸው ሲደርስ” አልኩት።

ሦስተኛው ቤት ላይ ውሃው ጠፋ። ለእኛም ለዳክዬዎቹም አልደረሰም። ገብቼ ለሚቀጥለው ነው አልኩት። እሺ አለ፤ ፊቱን አላዞረብኝም። ቅዳሜ ውሃው መጣ። እሱን አርብ ቀብረነዋል።

ብጠይቀው ሁሉም ቤት ይፈቅድ ነበር። አንድ ጀሪካን ነው። እኔ ግን አልጠየቅኩም፤ ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ። ሕጉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው፣ ማንም መጥቶ ቢሟገተኝ አልመልሰውም። ግን ማታ ማታ ሰጋቱራውን ስቀይር፣ ያንን ረቡዕ ከቧንቧው እስከ ባኞው ያለውን መንገድ በልቤ ጀሪካን ይዤ እመላለስበታለሁ። ሃያ እርምጃ አይሞላም።

አሁን የቀረችው አንዲት ዳክዬ ናት፤ አርጅታለች። ሲመሽ ቆሜ እቆጥራታለሁ። ያቺ ጎረቤቴ፣ ሕፃኗ ዛሬ ተማሪ የሆነችላት፣ ውሃ በመጣ ቁጥር ተራዋ ሲደርስ የመጀመሪያውን ጀሪካን ወደ ቤቷ አታስገባም። በቀጥታ ወስዳ ባኞው ውስጥ ትገለብጠዋለች። መጀመሪያ ቀን ተይ አልኳት። የራሴ ድርሻ ነው፣ በራሴ ድርሻ ቁልፍ የለዎትም አለችኝ።

ስለዚህ እሷ ስትገለብጥ ቁልፉን ለሌላው ሰው አስይዤ ቤት እገባለሁ፤ አልጋው አሁንም ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነው። በእሱ በኩል እቀመጣለሁ። ዳክዬዋ ጭንቅላቷን ትነክራለች፣ ውሃውን ጀርባዋ ላይ ትረጫለች፣ ውሃው ሳይዘልቃት ዶቃ ዶቃ እየሆነ ይወርዳል። ተራዬ እስኪደርስ አያታለሁ።