ባሩድ በእጄ ሳለ

በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ሰላምታ አይወድም። ይህን የተማርኩት አሜሪካ ውስጥ፣ ከማኪኒ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ፣ ሰው ፊት ሁለት ጊዜ ተዋርጄ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። አባቴን ከአገር ቤት አስመጥቼ ሜስኪት በምትባል ከተማ አብረን እንኖራለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳት ነርስነት እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአገር ልብሴን ለብሼ፣ ሰው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይተኩስ በነበረበት ዘዴ እተኩሳለሁ። ሲሰማ የሚስቅ ብዙ ነው። ይሳቅ።

ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የመጦሪያውን ቧንቧና መብራት የሚጠግነው ጺማም አሜሪካዊ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከኪሱ ጥቁር ድንጋይ አውጥቶ ጠርዙን በቀንድ ቁራጭ እየተጫነ ሲስል አየሁት። ባልጩት ነው። ምን እንደሚያደርግለት ብጠይቀው ጠመንጃዬ ያለዚህ አይተኩስም አለኝ። ነገሩ አልገባኝም፤ እኔ የማውቀው ጠመንጃ በየኬላው ወታደር ትከሻ ላይ የነበረውን ነው፣ እሱንም ከሩቁ። ቅዳሜ መጥተሽ እዪ አለኝ። ሄጄ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ቅዳሜን ተኝቼ አርፍጄ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባሩዱ ከቀንድ ወደ መስፈሪያ፣ ከመስፈሪያ ወደ አፈሙዝ ይፈሳል። ከቀንዱ በቀጥታ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ በርሜሉ ውስጥ የተረፈ ፍም ካለ ቀንዱ እጅ ላይ ይፈነዳል። ከዚያ ሞራ የተቀባ ጨርቅ አፈሙዙ ላይ ይዘረጋል፣ ክቧ አረር ትቀመጥበታለች፣ በእንጨት ዘንግ እስከ ታች ትገፋለች። በመጨረሻ ጎኑ ላይ ባለችው ትንሽ ሳህን ደቃቅ ባሩድ ተነስንሶ ክዳኗ ይዘጋል። ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረቱን ይመታል፣ ፍንጣሪው ሳህኗ ላይ ይወድቃል፣ ዓይን ፊት ቦግ ይላል፤ ጠመንጃው የሚጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። በቦግታውና በጩኸቱ መካከል ያለችው ቅጽበት ጉደኛ ናት። በዚያች መሀል ዓይኑን የጨፈነ ስቷል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የመታሁት ሰማዩን ነው።

የተኳሾቹ ማኅበር ደንብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ፕላስቲክ የለ፣ ላይተር የለ፣ ከፋብሪካ የወጣ ቅባት የለ፤ ልብሱም በእጅ የተሠራ መሆን አለበት። እኔ የሸማኔ ቀሚሴን ለብሼ ብቅ አልኩ። ጺማሙ ዙሪያዬን እየዞረ መረመረኝ፤ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ፣ እንከን አላገኘበትም። ጀርባው ላይ ያለውን ዚፕ እስኪያይ ድረስ ማለቴ ነው። ቤት ሄጄ ዚፑን በምላጭ ፈታሁና በክር ማሰሪያ ተካሁት። የበግ ሞራም ከሐላል ሥጋ ቤት አምጥቼ ራሴ አቀለጥኩ። ቤቱ ሲሸት አባቴ ከክፍላቸው ወጥተው ድስቱን አዩና ለምን ዓይነት ወጥ እንደሆነ ጠየቁ። ለጠመንጃ ነው ብላቸው፣ ጠመንጃም እንደ ሰው ቅባት አማረው ወይ ብለው ተመልሰው ገቡ።

ለምን እንደወደድኩት ልናገር። መጦሪያው ውስጥ አንዱን አጥቤ ሳልጨርስ ሌላው ደወል ይጫናል። ቤት ስገባ ስልኩ ይጮኻል፤ የቸርች ሰው ነው፣ የአሜሪካ ሎተሪ ደርሶት ቪከሪ ሜዶ ሰፈር የገባ የዘመድ ዘመድ ነው፣ በመኪናሽ አድርሺኝ ብሎ ራይድ የሚፈልግ ነው፣ ደብዳቤ የሚያስነብብ ነው። ሰው ሲፈልገኝ ደስ ይለኛል፣ አልክድም። ግን አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ጀምሬ እስከ ጫፉ ያደረስኩት አንድም ነገር አልነበረኝም። ይህ ነፍጥ ደግሞ ግማሽ ልብ አይቀበልም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ የገባኝ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ውርደቴ እንዲህ ነበር። አንድ ቅዳሜ የቸርቻችን ሴቶች ሊያዩኝ መጡ። ባሩድ ልሰፍር መስፈሪያውን አንስቻለሁ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እናት ከኋላዬ ጌታ ይባርክሽ፣ ፓርክ የምናደርግበት አጥተን ነው የቆየነው ሲሉ ሰማሁና መስፈሪያውን አስቀምጬ ሄድኩ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፤ ሥራስ፣ ልጆችስ፣ ጉልበትዎስ ተባባልን። ተመልሼ ጨርቁን ዘረጋሁ፣ አረሩን ገፋሁ፣ ሳህኗን ሞላሁ፣ ቃታውን ሳብኩ። ቦግ አለ፤ ከዚያ ምንም የለም። ባሩድ ሳላጎርሰው አረር አጉርሼዋለሁ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ብሎን ታስሮ፣ ሁለት ጎልማሶች ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ አረሩን እንደ መንጋጋ ጥርስ ነቀሉት። ሴቶቹ የተሳካልኝ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። በፈረንጆቹ ጸደይ አባቴን ይዣቸው ሄድኩ። መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው፣ ሙቀቱ ሲያስቸግራቸው ወርደው ወደ ተኳሾቹ መስመር መጡና ለተኳሹ ሁሉ በአማርኛ እንዴት ዋላችሁ አሉ። አባት መጥቶ ቆሞ ልጅ ጀርባ አትሰጥም። ዞሬ እጅ ነሳሁ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ፈልጌ አስቀመጥኳቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው። ስመለስ ያለፈው ውርደቴ ትዝ አለኝና እንዳልረሳው ብዬ ባሩድ ጨመርኩ። ለካ ቀድሜ ጨምሬ ነበር። አረሩን ስገፋ ዘንጉ ላይ የተቀረጸው የልክ ምልክት ከአፈሙዙ በላይ ቀረ። ያየው ጺማሙ ነው። መስመሩን የሚመራው እሱ ነበርና መጥቶ እጄን ያዘኝ።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጥፍ ባሩድ በርሜል እንደሚቀድ፣ አጠገቤ የቆመውን ሰው ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል ረጋ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ በኦክቶበር በሚደረገው ዓመታዊ ተኩስ ላይ ባሩድ ይዘሽ ለማንም ሰው ከዞርሽ ከመስመሩ ትወጪያለሽ፣ ለሁልጊዜውም ነው አለኝ። ጠመንጃው የማኅበሩ ስለሆነ ከመስመሩ ወጣሁ ማለት ነገሩ ሁሉ አበቃ ማለት ነው።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቸርች መልስ ምሳ ላይ፣ ለአባቴ ቁርጡን ነገርኳቸው።

"አባዬ፣ ባሩድ በእጄ ሳለ ቢመጡ አልዞርም። ቢጠሩኝም አልመልስም።"

የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። "ሰላምታ የእግዜር ነው" አሉ። "ለጠመንጃ ብለሽ የእግዜር ሰላምታ ልትነሺኝ ነው?"

እስክጨርስ ብቻ ነው አልኳቸው። እንግዲያው አልመጣም አሉኝ፤ ምሳውም በዚያው ቀዘቀዘ። አባቴን ማስቀየም ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ከእሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ያወራሁበትን ቀን አላስታውስም። ግን ተናድጄም ነበር። ለደወሉ እሺ ብያለሁ፣ ለስልኩ እሺ ብያለሁ፣ በሬን ላንኳኳ ሁሉ እሺ ብያለሁ፤ ለዚህ አንድ ነገር ግን ወይ ፍንክች።

በጋውን በሙሉ ቤት ውስጥ ተለማመድኩ። ጠመንጃውን ወደ ቤት መውሰድ ስለማይፈቀድ የቧንቧ ቁራጭ ገዛሁ፣ ለዘንጉ የመጥረጊያ እንጨት አዘጋጀሁ፣ በባሩድ ፈንታ ጥቁር ጤፍ ሰፈርኩ። ስልኩ ሲጮኽ ጠብቄ ነው የምጀምረው። እየጮኸ ጤፉን አፈሳለሁ፣ እየጮኸ ጨርቁን እዘረጋለሁ፣ እየጮኸ እገፋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ጤፉን ምንጣፉ ላይ እደፋው ነበር፤ ማን ታሞ ይሆን፣ ማን ኤርፖርት ቆሞ ይሆን እያልኩ። በኋላ ግን እስክጨርስ ማንም እንደማይሞት እጄ ራሱ አመነ። ወሬ መነሳቱ አልቀረም። ኮል ስናደርግ አታነሳም፣ ሶ አሜሪካዊ ሆናለች ማለት ነው አሉ። አባቴ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን እያዩ፣ በሰው አገር ጤፍ ምንጣፍ ላይ ይዘራል አሉ፣ ለግድግዳው።

ኦክቶበር ደረሰ። ያን ቀን ከደቡብ የሚመጣው ንፋስ ከሳህኗ ላይ ደቃቁን ባሩድ እየጠረገ ብዙ ሰው አስቸግሯል። ከእያንዳንዱ ሰው የሚጠበቀው አምስት ተኩስ ነው። አራቱን ያለ እንከን ተኮስኩ፤ ሁሉም ዒላማው ላይ አላረፉም፣ ግን ሁሉም በደንቡ ጎርሰው በደንቡ ወጡ። ለአምስተኛው መስፈሪያውን ሞልቼ ወደ አፈሙዙ ሳስጠጋ ነው ድምፃቸውን የሰማሁት።

"ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ?"

አንገቴ እኔን ሳያስፈቅድ ሊዞር ሲል ጡንቻው ሲሳብ ተሰማኝ። ሰላሳ ምናምን ዓመት የለመደ አንገት ነው። ጥርሴን ነክሼ ባሩዱን አፈሰስኩ። ደግመው ጠሩኝ፣ አሁን ቀስ ብለው። ይዟቸው የመጣው የቸርቻችን ታክሲ ነጂ ያልሰማሁ መስሎት፣ አባባ እየጠሩሽ ነው እኮ፣ ማለቴ፣ ኦኬ ነሽ አለ። ጺማሙ አጠገቤ ቆሞ እጄን ነው የሚያየው። ጨርቅ፣ አረር፣ ዘንግ። ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋር እኩል መጣ። ጀርባዬን ለንፋሱ አዙሬ ሳህኗን በመዳፌ ከልዬ ሞላሁ፣ ክዳኗን ዘጋሁ፣ አነጣጠርኩ። ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ዒላማው ሁለት ሆኖ ነበር የሚታየኝ። እንባው እስኪወርድ ጠበቅኩና ቃታውን ሳብኩ። ቦግ አለ፤ አልጨፈንኩም። ከዚያ ጮኸ።

ጢሱ ሲገለጥ ጺማሙ የሚመጣው ዓመትም ቦታሽ ይኸው ነው አለኝ። ጠመንጃውን አስረክቤ ስዞር አባቴ የሉም። ታክሲ ነጂው በአገጩ ወደ መኪናዬ ጠቆመኝ። ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሩን ከፍቼ ጎንበስ ብዬ እንዴት ዋሉ አባዬ አልኩ። ወደ ፊት እንዳዩ ቀሩ።

ከማኪኒ ሜስኪት ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ በዚያ ላይ ሀይዌዩ ተጨናንቋል። የእኔ አንገት እንዳልዞረ ሁሉ የሳቸውም አልዞረም። ጨርሻለሁ፣ ደስታው ደረቴን ሞልቶታል፤ አጠገቤ ያለው ዝምታ ደግሞ ያንኑ ደረቴን ይጫነኛል። ተሳስቻለሁ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ፤ ግን አልተሳሳትኩም፣ ውሸት ይሆንብኛል። ወደ ሰፈራችን መውጫ ስንቃረብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቅር ብሎኛል" አሉ።

"አውቃለሁ አባዬ።"

"ያ ልጅ ሥራ አለኝ ሲል ለምኜው ነው የመጣሁት። ዝም ብዬ ልቆም ነበር ሐሳቤ፤ አፌ ልማዱ ሆኖ አስቸገረኝ። ከጠራሁሽ በኋላ ግን ፈራሁ። ብትዞሪ ኖሮ ይህን ነገር ያስጣልኩሽ እኔ እሆን ነበር።" ክራቫታቸውን አላሉ። "ቅር ብሎኛል። ቢሆንም ሌላ ጊዜም ስመጣ እንዳትዞሪ።"

ከጎናችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እየተጠጋን ነበር። ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ እሺ አልኳቸው።