ለጋሼ የገባ የስለት ጃንጥላ

ጋምቤላ ከተማ የርቀት ትምህርት አስጠኚ ነኝ። ከእኔ በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ በክረምቱ ታመው አዲስ አበባ ሄዱና መስከረም ላይ እዚያው አረፉ። ተማሪዎቻቸው ወደ እኔ ዞሩ፦ ጎግ ያሉ መምህራን፣ መቲ ያሉ የቀበሌ ሠራተኞች፣ ዲማ ያለች አንዲት ነርስ። የጋሼን ሞት ግን ማንም አልነገራቸውም። ቢሮው ይነግራቸዋል ብዬ ተውኩት፤ ቢሮውም እኔን ሲጠብቅ ነበር መሰለኝ።

ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው። የቤት ሥራ አርመው ሲጨርሱ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ይጽፋሉ። «ቤቱ ጣራ ለበሰ?» «እናትሽ ወገቧን ተሻላት?» ተማሪው በሚቀጥለው ወረቀት ራስጌ ላይ ይመልሳል። እኔ ሥራ ፈትነት ነው እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

ወረቀቱ በእኔ ላይ ሲከመር ሳቄ ጠፋ። ዲማ ኔትወርክ ስለማይታመን የቤት ሥራው በሾፌር እጅ ይመጣል፣ በሾፌር እጅ ይመለሳል። ሙቀቱ ደግሞ አያሠራም። ኅዳር ላይ የጋሼን አሮጌ እርማቶች ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ ላለው ኤአይ ሰጠሁትና እንደ እሳቸው አድርገህ አርም አልኩት። ቁጣቸውን፣ «ልጄ» ማለታቸውን፣ የማይቸኩል አነጋገራቸውን ሳይቀር አመጣው። መጨረሻ ላይ ሳላዘው ያችን ጥያቄ ጨመረበት። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። ሰውዬው ከጀርባዬ የቆሙ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ አትሜ ላክሁት።

ሳምንት ሳይሞላኝ ለመድኩት። ተማሪዎቹ ራስጌ ላይ የሚጽፉትን መልስ እንኳ አላነብም፤ ፎቶ አንስቼ ለማሽኑ እሰጣለሁ፣ እሱ ይጠይቃል፣ እነሱ ይመልሳሉ።

ሚያዝያ ላይ የዲማዋ ነርስ ለፈተና መጣች። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ከነጠላዋ ሥር ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ጋሼን አገናኙኝ አለች። ቁጭ በይ ብላትም አልተቀመጠችም፤ ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏታል። ጋሼ በጠና መታመማቸውን ከሾፌሩ ሰምታ፣ እሳቸውን ካዳንሽልኝ ብላ ለማርያም ጃንጥላ ተስላ ኖሯል። ድምፃቸው ጠፍቶ ቆየና ኅዳር ላይ ፖስታ ደረሳት። በኮምፒውተር የተጻፈው እጃቸው ቢደክም ነው ብላ አሰበች። ከሥሩ ግን የእናቷን ወገብ ይጠይቃል። ጤና ጣቢያው ውስጥ እልል አለች። ጃንጥላውን ዛሬ ጠዋት አስገባች፤ ቀይ ከፈይ ነው፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አጠገቧ የሚይዛት ኖሮ ነው። እኔ ግን ብቻዬን፣ ቬንትሌተር ሥር፣ ቆማ ሳለች፣ «ጋሼ አርፈዋል፣ መስከረም ላይ» አልኳት።

በጣቷ ወራቱን ቆጠረች። ታዲያ ሲጽፍልኝ የነበረው ማነው አለች። ነገርኳት። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ ይገባኝም ነበር። እሷ ግን አሁን ተቀመጠች።

«እናቴ ጥር ላይ ሞታለች» አለች። «እሳቸው ገና እያገገሙ ነው፣ መርዶ አልጽፍላቸውም ብዬ ደህና ናት እያልኩ ስመልስ ነበር።»

ፈተናዋን ተፈትና ወደ ዲማ ተመለሰች። ጃንጥላው እዚያው ቀረ፤ የገባ ስለት አይመለስም። ይዛ የመጣችውን የቤት ሥራ ያን ቀን ራሴ አነበብኩት። ራስጌው ላይ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «እናቴ ደህና ናት፣ ውኃም ትቀዳለች። እርስዎ ብቻ ይበርቱልኝ» ይላል። ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። ከሥሩ የምጠይቃት አጣሁ።