አራተኛው ዓምድ

ኒቆዲሞስ በጀጎል ግንብ ፈላና በር አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ሱቁ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ደንበኛ ስልኩን ከፍቶ ሲሰጠው አይቀበልም፤ «መጀመሪያ ቆልፈው» ይላል። የይለፍ ቁጥር ሊነግሩት ሲጀምሩ ያስቆማቸዋል። ባለቤቱ ራሱ እስኪያስገባ ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞራል። አንዳንዱ ይስቅበታል።

ከዓመት ተኩል በፊት እንዲህ አልነበረም። ያኔ ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሕይወት ከክሊኒኩ ራቅ ብለው፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ግርጌ ይኖራሉ። ማታ አስቸኳይ የላቦራቶሪ ውጤት ሲወጣ በስልክ ይነበብላቸው ነበር፤ ቁጥርም ይዛባል። ስለዚህ ሐኪሞቹና የላቦራቶሪ ሠራተኞቹ ካሉበት ሆነው በስልካቸው ወደ ክሊኒኩ መረብ የሚገቡበትን ቪፒኤን እንዲዘረጋ አዘዙት።

በሁለት ሳምንት ጨረሰ። ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱን ዲጂታል ቁልፍ ሠራ፤ ቁልፉ የሌለበት ስልክ አይገባም። ማን መቼ እንደገባ ሰርቨሩ ይመዘግባል። መመሪያውን የጻፈው ራሱ ነው። የመጀመሪያው መስመር «አንድ ቁልፍ ለአንድ ስልክ ብቻ» ይላል። ለራሱ ቁልፍ አልሠራም። የታካሚ ውጤት የማየት ፈቃድ አልነበረውም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሱመያ ናት፤ የጀጎል ልጅ፣ በክሊኒኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች። የእሷ ተራ ሲደርስ ስልኳን ይዛ ለጁምዓ ሰላት ሄዳ ነበር። ኒቆዲሞስ መጠበቅ አልፈለገም። ቁልፏን በራሱ ስልክ ላይ ጭኖ ሞከረው፤ ሠራ። ስትመለስ በእሷም ስልክ ላይ ጫነው። በራሱ ስልክ ላይ ያለውን ነገ አጠፋዋለሁ ብሎ ተወው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጓደኛው ቢላል ቤት በርጫ ላይ ነበር። ስድስት ሆነው ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የቢላል ወንድም ሂክማ የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው፤ ከኒካሑ በፊት ሁለቱም ክሊኒኩ ሄደው ለምርመራ ደም ሰጥተዋል። ቢላል የልጅቷ ውጤት ደርሶ እንደሆነ እንዲያይለት ጠየቀው። ኒቆዲሞስ ሥራው እንዳልሆነ ተናገረ።

«ይሄን ሁሉ ስልክ አገናኝተህ አንድ ወረቀት ማየት ካቃተህ፣ ከነገ ጀምሮ ሬዲዮ ጠግን» አለው ቢላል።

ሳቁበት። በርጫ ላይ የተጠየቁትን መንፈግ ደግሞ ያስነውራል። ስልኩን አወጣ። በማን መግቢያ እንደሚገባ ሲጠይቁት «ሱመያ ሰጥታኝ ነው» አለ። የታመነ ሰው መምሰል ፈልጎ ነበር።

ውጤቱ የጉበት ቫይረስ ምልክት መታየቱንና ለማረጋገጥ ምርመራው መደገም እንዳለበት ይገልጻል። ስክሪኑን አጠፋና «ይደገም ነው የሚለው» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። በቂ ነበር። ሳይመሽ የሂክማ እናት ከጎረቤት ሰሙ፤ ሂክማ ከእናቷ ሰማች። በሳምንቱ ኒካሑ ቀረ። ሁለተኛው ምርመራ ምንም አላገኘም፤ የወንዱ ቤተሰብ ግን አልተመለሰም።

የሂክማ አባት ክሊኒኩ ድረስ መጥተው ከሰሱ። ዶክተር ሕይወት ውጤቱን ማን እንደከፈተው የሚያሳየውን መዝገብ አትሞ እንዲያመጣ ኒቆዲሞስን አዘዙት። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የቁልፉ ባለቤት፣ የስልኩ ዓይነት። እሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ አተመ።

ሱመያ ከሥራ ታገደች። ቁልፉ ከስልኳ እንዲነሳ ወደ እሱ ላኳት። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች።

«በዚያ ሰዓት ከአፎቻዬ፣ ከዕድሬ ሴቶች ጋር ለቅሶ ቤት ነበርኩ፣ ኒቆ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሳላውቅ ተነካክቶ ይሆን?»

አይሆንም። ለመግባት የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩን ያወጣላት እሱ ነው።

«ሊሆን ይችላል፣ እትዬ» አለ።

«ወላሂ አላወቅኩም» ብላ ስልኳን አንስታ ወጣች።

አራት ቀን ሥራ ገባ፣ ወጣ። ቁልፉን ከስልኩ ላይ ያጠፋው በመጀመሪያው ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ቢላል ቤት ሄደ። ቢላል ሱመያ የሂክማ ወላጆች ደጅ ሄዳ «ሳላውቅ በድያችኋለሁ፣ አውፍ በሉኝ» ብላ መለመኗን ነገረው።

«ቁልፉን የሰጠችህ እሷ፣ የከፈትከው አንተ፤ ስምህን ግን አላነሳችም» አለ ቢላል። «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ኒቆዲሞስ ጫቱን ሳይነካ ተነሳ። ክሊኒኩ ሄዶ አራቱንም ዓምድ አተመና ለዶክተር ሕይወት ሰጣቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ ስልክ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ዶክተር።»

«መቼ አወቅህ?»

«ያኔውኑ።»

በማግስቱ ተሰናበተ፤ ሱመያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጥፋቱን ሊናገር ሲሄድ የሂክማ አባት በር ላይ ቆመው ሰሙት፤ ግባ አላሉትም። ሱመያ ቤት አስገባችው። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«መክፈትህን ተወው» አለችው። «ስጠይቅህ ግን ሊሆን ይችላል አልከኝ። አምስት ቀን ራሴን ጠረጠርኩ።»

አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ስትሄድ በሱቁ ደጅ ታልፋለች። ሰላም ትለዋለች፤ እሱም ተነስቶ ይመልሳል። የስልኳ መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ከቆመበት ይታየዋል። የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለዚያ ስልክ የሚሆን መስታወት ከመደርደሪያው ላይ ካስቀመጠ ሁለት ወር አልፎታል። እሷ አልሰጠችውም፤ እሱም አምጪው አላለም።