ቤታችንን ለሦስት የከፈለው ኮምፒውተር

«አለፍኩ! ደግሞ የሚቀጥሉትን ሠልጣኞች አብረሽ ታስተምሪያለሽ ተባልኩ!»

እህቴ ይህን በስልክ ስትጮህ እኔና እናቴ ሾላ ገበያ በርበሬ እያስመዘንን ነበር። እኔ ዘለልኩ። እናቴ እልል ማለት ጀመረች፣ መሃል ላይ በርበሬው አስነጠሳት፤ ሻጯ ነገሩን ሳታውቅ እልልታውን ተቀብላ ጨረሰችላት። እስከ ሰፈራችን ቀበና ድረስ ታክሲ ውስጥ ጥርሴ አልከደን አለኝ።

እንዲህ የሆንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እህቴ በጤና ትምህርት ተመርቃ ሥራ ይዛ ነበር። ከዚያ ለጀማሪ የሳንባ ጤና ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ሥልጠና ሰማችና ሥራዋን ትታ ገባች። አባቴ ለሳምንት አኮረፋት። እኔ የሳንባ ምርምር ሲባል በማይክሮስኮፕ ማየት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን የምታየው ቁጥር ነው። የብዙ ጤና ጣቢያዎችን መረጃ በኮምፒውተር አንድ ላይ ያደርጉና ማን ያስላል፣ ማን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የሚኖረው ከማን ጋር ነው እያሉ ይፈልጋሉ።

«ታዲያ አንቺ ሐኪም ነሽ ወይስ ሒሳብ ሠራተኛ?» አልኳት።

«ጠያቂ ነኝ» አለችኝ። መጠየቅ ሥራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እኔንማ ትምህርት ቤት ጥያቄ በማብዛቴ ነው የሚቆጡኝ!

የእሷ ቡድን ከእንጦጦ ሥር ያሉትን ሰፈሮች ወሰደ። ያገኙት ውጤት ጉድ አሰኘ። በቤተሰብ የሚኖሩ ሰዎች፣ ቤታቸው እንጨት ቢነድም፣ ብዙም አያስሉም። ብቻቸውን የሚኖሩት ግን ያስላሉ። አብሯት የሚሠለጥን አንድ ወጣት ሐኪም «ብቸኝነት ነዋ! ድሮስ ብቻውን የሚበላ ሰው መቼ ጤና አለው?» አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም ስሰማ ደስ አለኝ፤ አብሮ መብላት ሳንባ ይጠብቃል ቢባል እዚህ አገር ማን ይጠላል?

ውጤቱን የሚያቀርቡት ዓርብ ነበር። ማለፍና መውደቅ የሚለየው ያን ቀን ነው። እህቴ ከወደቀች ደግሞ የምትመለስበት ሥራ የላትም።

ረቡዕ ከሰዓት መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት የእኛ ሰፈር ተራ ነበር። እናቴ ማድ ቤት እንጨት አንድዳ ወጥ ትሠራለች፣ እህቴ ባትሪው ሳያልቅ ትጣደፋለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጨቀጭቃታለሁ።

«ግን የሰዎቹ ስም አይታየንም ብለሽኝ የለ? ቤተሰብ መሆናቸውን በምን አወቃችሁ?»

«ከውጭ የመጣ ፕሮግራም አለ። ስሙን ከመደበቁ በፊት አንድ ሰፈር ያሉትን፣ የመጨረሻ ስማቸው የሚመሳሰለውን አንድ ቤት ያደርጋቸዋል። ነይ፣ በራሳችን ላሳይሽ።»

የአራታችንን ስም ጻፈች። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበና እኔንና እሷን አንድ ቤት አስገባን። አባቴን በአያቴ ስም ሌላ ቤት ሰጠው። እናቴን በአባቷ ስም ሦስተኛ ቤት፣ ብቻዋን።

በሳቅ ወደቅኩ። «እማዬ! ኮምፒውተሩ የብቻሽ ቤት ሰጠሽ!»

«ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ በይኛ!» አለች ከማድ ቤት፤ ጭሱ ሳሏን እያስነሳባት። «ፎቅ እንዳይሆን ብቻ፣ ጉልበቴን ያመኛል!»

እህቴ ግን አልሳቀችም። እጇ አፏ ላይ ቀርቷል። «ብቻቸውን የሚኖሩት...» አለች ቀስ ብላ፣ «እናትና አባቶች ናቸው። ቤተሰብ ያልነው ልጆቹን ብቻ ነው።»

ወዲያው ለሐኪሙ ደወለች። ድምፁ እስከ እኔ ይሰማ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ዓርብ እስኪያልፍ ብትታገሺ ምን አለ? ሁላችንንም ልትጥዪን ነው!»

«አብረን ነው ያጨበጨብነው፣ አብረን እንናገር» አለችው። ዘጋባት።

ዓርብ ቤተሰብ መግባት ይችላል ስለተባለ ከኋላ ተቀመጥኩ። እህቴ ስትቆም ሐኪሙም ተነስቶ አጠገቧ ቆመ፤ ፊቱ ግን እንደ ጠቆረ ነው። የተሳሳቱትን ከነምክንያቱ ተናገሩ። ከውጭ የመጡ አንድ አስተማሪ ግራ ገብቷቸው «ሴቶቻችሁ ሲያገቡ የባላቸውን ስም አይወስዱም?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ሥልጠናውን የሚመሩት ሽበታም ፕሮፌሰር ከሁሉም በላይ ሳቁ። «በአባቷ ስም ከምትጠራ ሴት ጋር ኖሬ ልጅ ድሬያለሁ እኮ! እኔም ከእናንተ እኩል ብቸኝነት ነው ብዬ አምኛለሁ።»

ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። «ልጄ፣ የተሳሳተው የምትፈልጊው ውጤት ቢሆንስ ኖሮ ትነግሪን ነበር?»

«የምፈልገውማ እሱኑ ነበር» አለች እህቴ።

ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አለፍሽም ወደቅሽም አላሏትም። ያ ሁሉ ጭንቀት ነው ሾላ ገበያ በስልክ የተፈታው። ሐኪሙም አልፏል፤ አሁን ቤታችን ሲመጣ እናቴ «ብቻህን አትብላ፣ ታስላለህ!» እያለች ታጎርሰዋለች።

አሁን ሥራው እንደገና ተጀምሯል። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ እሳቱ ፊት የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ሰዎቹን ራሳቸውን መጠየቅ አለባቸው። እውነት የሚጎዳው ጭሱ ነው? ከሆነስ በራፍ ከፍቶ ማብሰል ይረዳል? እህቴም ገና አታውቅም፣ እኔም እስካውቅ ቸኩያለሁ።

ስለዚህ የቀበናና የእንጦጦ ሥር ልጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኑ። አዲሶቹ ሠልጣኞች ከእህቴ ጋር እዚያ ናቸው። የትንፋሽ ኃይል የሚለካ፣ ቱቦ ያለው ትንሽ መሣሪያ ይሰጧችሁና ፊኛ እንደምትነፉ በኃይል ትነፋላችሁ፤ አያምም፣ እኔ ነፍቼ አይቼዋለሁ። በቤታችሁ የሚያበስለውን ሰው ግን እንዳትረሱ፣ ይዛችሁ ኑ። ሥራ አለብኝ ካለች ወጡን ቆማችሁ ጠብቁላትና እሷን ላኳት። የራሳችሁም ጥያቄ ካላችሁ እህቴን ጠይቋት፤ እሷ አትቆጣም።