አንድ ጥንድ ብረት ለሁለት ሰው

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ፌርፋክስ፣ የሐበሻው ሰፈር

ጋሼ መኮንን ታክሲያቸውን ደጄ ላይ አቁመው ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ጎረቤቶቼ በእንግሊዝኛ ይራገማሉ። ጋሼ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመሪ ጀርባ ሆነው ያዩትን የተራራ በረዶ ዛሬ ካልረገጥኩ ብለዋል። እኔ የምሄደው እምቢ ማለት ስለማልችል ነው። ሰኞ ዌስትቼስተር፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ እጀምራለሁ፤ አራት ወር ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ሥራ ነው። እግሬ ከተሰበረ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ጫማህን አሳየኝ» አሉ።

ለሰርግ የገዛሁት የቆዳ ጫማ ነው፣ ሶሉ ልሙጥ።

«ልትወጣ ነው ልትጨፍር?»

የሳቸው ደግሞ የምግብ ቤት ወጥ ቤት ጫማ ነው። ዘይት ላይ ካላንሸራተተኝ በረዶ ምን ያደርገኛል ባይ ናቸው።

2 ሰዓት ተኩል፤ ከፓሳዴና ከተማ በላይ፣ ተራራው ሥር

መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ቡናና እርጥብ ውሻ የሚሸት ሱቅ አለ። ባለሱቁ ጫማችንን አይቶ ሳቀ። ጎድጎድ ያለ ጎማ ሶል ለአዲስ በረዶ ይበቃል፣ ግግር በረዶን ግን ብረት ብቻ ነው የሚነክሰው አለን። ከጫማ ሥር በጠፍር የሚታሰር፣ ጥርስ ያለው ብረት አወጣ። ኪራዩ በቀን አምስት ዶላር፣ የቀረው አንድ ጥንድ።

«አንተ አድርግ» አሉ ጋሼ።

«ኧረ እርስዎ ያድርጉ!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት ጋሼ!»

ባለሱቁ ልንደባደብ መስሎት መሃላችን ገባ። እውነቱን ልናገርና ብረቱን ክፉኛ ፈልጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ደግመው ቢለምኑኝ እወስደው ነበር። በመጨረሻ ተካፈልነው፦ እኔ ግራውን፣ እሳቸው ቀኙን።

5 ሰዓት፤ ገደሉ ዳር

በጥዶቹ ጥላ ሥር መንገዱ ግግር ሆኗል። ግራ እግሬ ይነክሳል፣ ቀኜ ይሸሻል። ፈረንጆች ሳይስቁብን ያልፋሉ፤ ቢስቁ ይሻል ነበር።

መንገዱ ሲጠብ ቀኝ እግሬ ከዳኝ። በሆዴ ተንሸራትቼ የጥድ ሥር ጨብጬ ቆምኩ። ከበታቼ ገደል ነው። በጣም ፈራሁ፤ ግን መጀመሪያ የታየኝ፣ ማፈሪያው፣ የሆቴል ሻንጣ ነበር።

«እንዳትነቃነቅ!» ጋሼ ቀበቷቸውን ወርውረው ጎተቱኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው ብረታቸውን ፈቱና ቀኝ እግሬ ላይ ያስሩ ጀመር። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ሰኞ ሥራ ስታርት ታደርጋለህ አይደል? ሶ ዝም በል።»

እግሬን ዘረጋሁላቸው።

8 ሰዓት፤ ቁልቁለቱ

እኔ በሁለት እግሬ ወረድኩ። ጋሼ ካፖርታቸውን አጥፈው ከሥራቸው አድርገው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በቂጣቸው ወረዱ። «ዞር በሉ፣ ፍሬን የለኝም!» እያሉ በአማርኛ ሲጮኹ ፈረንጁ ሁሉ ገባው።

ታክሲው ውስጥ ለመቀመጥ ሦስት ጊዜ ሞከሩ።

«አመመዎት?»

«ኧረ ምንም!»

እስከ ፌርፋክስ በአንድ ጎናቸው ተቀምጠው ነዱ። አጠገባቸው ሁለት ደህና እግር ዘርግቼ አፈርኩ። ሱቅ ውስጥ ለወጉ ያህል የለመኑኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከመጀመሪያው የምራቸውን ኖሯል።

ደጄ ላይ ስንደርስ «ሰኞ ጠዋት ሥራህ አደርስሃለሁ» አሉ።

ኧረ አይልፉ ልል ነበር።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።