ጾመኛው ሜፕል

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ማዶ፣ ኢስት ዮርክ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ በሞቃቱ ወቅት፣ በሰመር፣ ምሽት ማለት የከሰል ፍም፣ የበቆሎ ጥብስና የአባባ ደምሴ ተረት ማለት ነበር። አባባ የአባቴ አጎት ናቸው፤ አብረውን ይኖሩ ነበር። ያኔ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ ከአጠገባቸው ንቅንቅ አልልም፤ ተረቱ አልቆ ፍሙ ሲከስም አባባ አመዱን በአካፋ ያፍሱና፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» እያሉ ጓሯችን ካለው ትንሽ ቀይ ሜፕል ዛፍ ሥር ይደፉታል። አገር ቤት ጎመናቸውን ያሳደጉት በአመድ ነበርና።

ሜፕሉን አባቴ የገዛው ፎል ላይ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ ቅጠሉ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሳለ ነው። ደግሞም እንዲህ ነው መግዛት! አንዱ ሜፕል እንደ ሌላው አይቀላም፤ አይቶ መምረጥ ነው። እኛ ጓሮ ከገባ በኋላ ግን ሁለት ፎል ገርጥቶ፣ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። በሦስተኛው ሰመር መግቢያ አባቴ ቁርጡን ተናገረ፦ «ዘንድሮም ካልቀላ ነቅዬ ቲማቲም እተክልበታለሁ!» አባባ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚጎበኙት ያንን ዛፍ ነበር። ያን ምሽት ተረት አልነበረም።

ላይብረሪ ገብቼ የዛፍ መጻሕፍት አገላበጥኩ። አገኘሁት! ቀይ ሜፕል የሚወደው ኮምጣጣ አፈር ነው፤ አመድ ደግሞ ያንን ኮምጣጣነት ይገድልበታል፣ ያኔ ምግቡ ሥሩ አጠገብ እያለ መሳብ ያቅተዋል። የገረጣው ርቦት ነው። ማወቁስ ታወቀ፤ አባባን «ተሳስተዋል» የሚላቸው ማን ነው?

በማግስቱ ፍሙ ዳር፣ «አባባ፣ ዛሬ እኔ ላውራ?» አልኳቸው።

«አንቺ? እስቲ እንስማሽ!»

አንድ ደግ ሰውዬ ቤት ጾመኛ እንግዳ መጣ አልኩ፤ ባለቤቱ በየማታው ጥሬ ሥጋ እያቀረበ «በሞቴ ብላ!» ይለዋል፤ እንግዳው እንዳይበላ ጾም፣ እንዳይሄድ እግር የለው፤ ቆሞ ገረጣ።

አባባ በቆሏቸውን መጋጥ ተዉ። አካፋውን አዩ፣ ዛፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንቺ ቀልማዳ! እኔን ነው?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለመሆኑ ጾመኛሽ ምን ይበላል?»

«የበሰበሰ ቅጠልና ብዙ ውሃ፣ አባባ።»

በአመድ የነጣውን አፈር ከላይ ከላዩ ጠርገን አነሣን፤ አመዱ ጓሮው ጥግ ወዳለው የጎመን መደብ ዞረ፣ ጎመኑም ወፈረ። ከዚያ ጠበቅን። ፎል ገብቶ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን (ቀይ የሚያወጣው እሱ ነው!) አንድ ጠዋት አባባ ከጓሮ ሲጮኹ ሰማን። አባቴ በነጠላ ጫማ ሮጦ ወጣ። ከላይ አንዲት ቅርንጫፍ ፍም መስላለች።

«ና!» አሉት አባባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፤ «ና፣ ቲማቲምህን ልቀም!»

በዓመቱ ዛፉ ሙሉ በሙሉ ቀላ፤ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ አየው። ዛሬ ሰፈራችን ሜፕል የገረጣበት ሁሉ የሚጠራው እኔን ነው፣ እኔም ሳልጠየቅ ጭምር አስረዳለሁ። አባባ ካወሩልኝ ተረቶች ብዙዎቹ መጨረሻቸው ጠፍቶብኛል፤ የእኔው ተረት ግን ፎል በገባ ቁጥር ጓሮ ቆሞ ይቀላል።